ድንጋይ ምን ይላል? ለወይን ቀማሽ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ባለፈው ሥልጠና ላይ ከእናንተ አንዷ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ሻብሊ ድንጋይ ድንጋይ ይላል ይባላል፤ እኔ ድንጋይ ቀምሼ ስለማላውቅ ምኑን ልፈልግ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሠላሳ ዓመት በፓሪስ ምግብ ቤቶች ወይን ስቀዳና ስቀምስ እንዲህ ያለ ቅን ጥያቄ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ያን ቀን ሰዓቱ ደርሶብኝ በአጭሩ አለፍሁት፤ ዕዳዬን አሁን ልክፈል።

ሻብሊ በፈረንሳይ፣ በቡርጎኝ የወይን አውራጃ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሰራን የሚባል ትንሽ ወንዝ መሃል ለመሃል የሚያልፍበት አገር ነው። በስሙ የሚጠራው ነጭ ወይን የሚጠመቀው ሻርዶኔ ከሚባለው የወይን ዘር ብቻ ነው። ምድሩ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር። ከማሳው አንድ እፍኝ ኖራማ አፈር ብትዘግኑ፣ ጥፍር የምታክል፣ እንደ ፈረንጆች ነጠላ ሰረዝ የታጠፈች የዛጎል ቅሪት ታገኛላችሁ። እኔም አንዷን ኮት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ስንት ዓመት ዞሬአለሁ። ጎብኚው ዛጎሉን በዓይኑ ያይና ወዲያው ከብርጭቆው ባሕር ባሕር ይሸተዋል። የወይን ሥር ግን የድንጋይ ጣዕም መጥጦ ጠርሙስ ውስጥ አይጨምርም። «ድንጋይ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ጠንከር ያለ ኮምጣጣነት፣ ቁጥብ የፍሬ ሽታና አንዳንዴም ክብሪት ሲጫር የሚሸት ነገር አንድ ላይ ሆነው የሚፈጥሩት ስሜት ነው። ቃሉን አትጠቀሙ አልልም፤ ሳይሰማችሁ አትበሉት ነው የምለው።

እኔ ሳይሰማኝ ብዬ ተዋርጃለሁ። ገና አንድ ዓመት ያልሞላኝ ቀማሽ ሳለሁ አለቃዬ ጠርሙሱን ጽሑፉ እንዲታየኝ አድርጎ ቀዳልኝ። «ሌ ክሎ» ይላል። በሻብሊ ግራን ክሩ፣ ማለትም የበላዩን ደረጃ የያዙ፣ የሚባሉት ማሳዎች 7 ብቻ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ተዳፋት ላይ፣ በ100 ሄክታር ገደማ ሰፍረዋል፤ የአካባቢው ወይን በጠቅላላው ግን ከ5,000 ሄክታር ይበልጣል። ሌ ክሎ ከሰባቱ የታወቀው ነው። አሸተትሁ። «እርጥብ ድንጋይ፣ የቆየ ምድር ቤት፣ ጥልቀት ያለው» አልሁ። አለቃዬ ቃል ሳይተነፍስ ጠርሙሱን ማጠቢያው ውስጥ ደፋው። ቡሹ የተበላሸ ወይን ነበር። ምድር ቤት ያልሁት ሻጋታ፣ እርጥብ ድንጋይ ያልሁት እርጥብ ካርቶን ነበር። ምላሴ ከመቅመሱ በፊት ዓይኔ አንብቦ ጨርሶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሽታ ስም ከመደርደሬ በፊት ወይኑ አፌ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ እከተላለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከማቀዝቀዣ እንደወጣ አትቅመሱት፤ 4 ዲግሪ ላይ ማንኛውም ነጭ ወይን ዲዳ ነው። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ እስኪደርስ ታገሡት። ብርጭቆውን ከሲሶው አታሳልፉ። በነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጋችሁ እዩት፦ ለጋ ሻብሊ ፈዘዝ ያለ፣ አረንጓዴ የሚያጫውተው ቢጫ ነው። የሦስት ዓመት ወይን እንደ ማር ወርቃማ ሆኖ ከመጣና ተቆርጦ የጠቆረ ፖም ከሸተተ፣ አየር ቀድሞታል።

መጀመሪያ ሳትነቀንቁት አሽቱት፤ ነቅንቃችሁ ድገሙት። ከዚያ ጎንጨት አድርጋችሁ በከንፈራችሁ ትንሽ አየር ሳቡበትና ትፉት። (መትፋት ያሳፍራል የሚል ሰው ከአሥረኛው ብርጭቆ በኋላ ራሱ ያሳፍራል።) አሁን አንገታችሁን ደፋ አድርጉ። ከመንጋጋችሁ ሥር ምራቅ ምን ያህል ይጎርፋል? ኮምጣጣነትን በዚያ ለኩ፤ በምላስ ጫፍ ብቻ ከለካችሁት ጣፋጭነት ያታልላችኋል። ጣዕሙ ከተተፋ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይም ቁጠሩ። ፈረንሳዮቹ እያንዳንዱን ሰከንድ «ኮዳሊ» ይሉታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሎሚ ነው፣ ትርንጎ ነው፣ ያልበሰለ ኮክ ነው የሚባለው። ስሙንም ከራሳችሁ ቤት አምጡ። ጌሾ የበዛበትን ጠጅ ከለጋው በአንድ ጉንጭ የሚለይ ሰው የፈረንሳይ የአትክልት ቦታ አበባ ስም መሸምደድ ምን ያደርግለታል?

አንድ መጋቢት ጠዋት፣ ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ፣ እዚያው ሻብሊ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ቀረቡልኝ። የአንድ ገበሬ እጅ፣ አንድ ዓመት፣ ሁለቱም ፕርሚዬ ክሩ፣ ከግራን ክሩ አንድ ደረጃ ዝቅ ያሉ። አንዱ ከወንዙ ግራ፣ ሞንማን ከሚባል ማሳ፤ ሌላው ከቀኝ፣ ከግራን ክሩው ጎረቤት ከሞንቴ ደ ቶኔር። ሲሸተቱ ሁለቱም ሎሚ፣ ሁለቱም አረንጓዴ ፖም ነበሩ። ስም ዝርዝር ጽፌ ብሄድ ኖሮ አንድ ወይን ነበሩ። አፍ ውስጥ ግን የሞንማኑ ቀጥ ብሎ እንደ ክር ሄዶ በድንገት ተቋረጠ። የሞንቴ ደ ቶኔሩ መሃል ላይ ሰፋ አለ፣ ጉንጬን ሞላ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ጠበበ። አሥራ አንድ ቆጠርሁ። ገበሬው «የቀኙ ጸሐይ ይጠግባል» ብሎ ወደ ቀጣዩ በርሜል አለፈ።

የዓመቱንም ጠባይ አትርሱ። በሚያዝያ ቡቃያው ሲፈነዳ ውርጭ ከወረደ ገበሬው ሌሊቱን በማሳው መሃል ችቦ የሚያክል ሻማ ሲለኩስ፣ ወይም ውሃ እየረጨ ቡቃያውን በበረዶ ልባስ ሲሸፍን ያድራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይህም ብዙዎችን አላዳነም፤ ከተረፈው የተጠመቀው ቀጭንና ስለታም ነው። እ.ኤ.አ. የ2003 ሙቀት ደግሞ ሻብሊን ሻብሊ እስከማይመስል አለስልሶት ነበር። በአሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ በትልቅ ጋሎን የሚሸጥና «ሻብሊ» የሚል የካሊፎርኒያ ወይን ካያችሁ ስሙን ከመዋስ በቀር ዝምድና የለውም።

ለግራን ክሩ ገንዘብ የለንም እንዳትሉኝ። እኔ ራሴ በአዲስ በርሜል እንጨት ከታፈነ ግራን ክሩ፣ በብረት ጋን በንጽሕና የተጠመቀ ተራ ሻብሊ እመርጣለሁ። አገር ቤት ያላችሁ ዝዋይ ላይ ከሚለማው ሻርዶኔ አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ተራ ሻብሊ ከጎኑ ግዙ። ዘሩ አንድ ነው፤ ጸሐዩ ግን ሌላ ነው። ሁለቱንም በጋዜጣ ጠቅልሉና ወይን የማያውቅ ጓደኛ ይቅዳላችሁ፤ የቱ የቱ እንደሆነ እሱም አይንገራችሁ። ምራቁን ለኩ፣ ሰከንዱን ቁጠሩ፣ የየራሳችሁን ሳትነጋገሩ ጻፉ፣ ከዚያ ጋዜጣውን ቅደዱ። ብርጭቆዎቹን በዚያው ሌሊት አትጠቡ። ጠዋት ከቁርስ በፊት ባዶአቸውን አንሥታችሁ አሽቷቸው።