አንጀትን ቅቤ ስለሚያጠጣ ፊልም

ውድ ልጄ፣

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የፊልም ኤዲቲንግ ሥልጠና ስሰጥ ከኋላ ወንበር ተነሥተህ የጠየቅከኝን ታስታውስ ይሆናል። «ጋሼ፣ ወንድምየው የእኅቱን ደም የሚመልስበትን ትዕይንት የተመልካቹ አንጀት ቅቤ እንዲጠጣ አድርጌ እንዴት ልቁረጠው?» ነበር ያልከኝ። እኔም ሳላመነታ መለስኩልህ። ከተኩሱ በፊት ድምፁን ሁሉ አጥፋው፣ የወንድምየውን ፊት ከሚገባው በላይ አቆየው፣ ተኩሱን ደግሞ ተመልካቹ ከሚጠብቀው ሁለት ፍሬም፣ ማለትም ሁለት ነጠላ ምስል ያህል፣ አስቀድመህ አምጣው አልኩህ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ማስታወሻ ያዙ። ማታ ሆቴል ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መልሱ ትክክል ነበር፤ የት እንደተማርኩት ግን አልነገርኩህም። አሁን እነግርሃለሁ፤ እኩዮችህም ያንብቡት።

በ1974 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ዲሲ ተማሪ ነበርኩ። ለኪራይና ለመጽሐፍ መግዣ የሚሆነኝን የማገኘው መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት፣ በፕሮጀክተር ክፍል ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ረዳት ሆኜ በመሥራት ነበር። ክፍሏ ጠባብና እሳት የሆነች ናት። ሁለት ፕሮጀክተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ የፊልም ጥቅል ሃያ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል፤ ሊያልቅ ስምንት ሰከንድ ያህል ሲቀረው በስክሪኑ የላይኛው ቀኝ ጥግ አንዲት ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ ሁለተኛውን ሞተር ታስነሣለህ፤ ሁለተኛዋ ነጥብ ብቅ ስትል ታሻግራለህ። ነጥቧን ያመለጠ ሰው አዳራሹን በጨለማ ውስጥ ያስጮኸዋል። እናንተ ዛሬ ሁሉን ነገር በአንድ ቁልፍ የምታገኙ ልጆች ይህን የመጠበቅ ሥራ አታውቁትም፤ አዝንላችኋለሁ። ዐይኔ ፊልም ማየት የተማረው እዚያ ነው፤ በጥበቃ።

ሲኒማ ቤቱ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም የሚያሳይ ነበር፤ አብዛኞቹም በዚያ ዘመን ኤክስፕሎይቴሽን የሚባሉት ናቸው። በትንሽ ገንዘብ ተሠርተው፣ ደም ወይም እርቃን ወይም የመኪና ግጭት በፖስተር ላይ ለጥፈው የሚሸጡ ፊልሞች። አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ የተባለው ኩባንያ ርዕሱንና ፖስተሩን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ድርሰቱን በኋላ የማጻፍ ልማድ ነበረው። የሆሊውድ የቁጥጥር ደንብ በ1968 ቀርቶ በዕድሜ ገደብ ምደባ ተተክቷል። የቬትናም ጦርነት ሕዝቡን አቁስሎታል፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሥልጣን ለቀቀ፤ በትልልቅ ከተሞች ሰው ከመሸ በኋላ መውጣት ይፈራ ነበር። መንግሥትን የማያምን ሕዝብ ፖሊስን የማይጠብቅ ጀግና ይፈልጋል። «ዎኪንግ ቶል» በ1973 የቴነሲውን ሸሪፍ ቡፎርድ ፐሰርን ታሪክ መነሻ አድርጎ ዱላ የያዘ ሰው ከተማ ሲያጸዳ አሳየ። በዚያው ዓመት በ«ኮፊ» ፓም ግሪር ነርስ ሆና፣ ታናሽ እኅቷን በዕፅ ያበላሹባትን እያደነች ገደለች። ፀጉሯ ውስጥ ምላጭ ደብቃ የምትደባደብበት ቦታ ሲደርስ ጥቁር እናቶች ከወንበራቸው ተነሥተው ሲጮኹ አይቻለሁ። ያን ጩኸት ዛሬም አልነቅፈውም። እነዚያ ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን ስክሪን ላይ ራሳቸውን በገረድነት ብቻ ሲያዩ የኖሩ ናቸው።

ልነግርህ የፈለግሁት ግን ስለ «ዴዝ ዊሽ» ነው። ማይክል ዊነር ያዘጋጀው፣ ቻርልስ ብሮንሰን የተወነበት፤ በ1974 ክረምት ወጥቶ እኛ ዘንድ የደረሰው በመጸው ነው። ፖል ከርሲ የተባለ የኒው ዮርክ አርክቴክት አለ። በኮሪያ ጦርነት መሣሪያ አልይዝም ብሎ በሕክምና ክፍል ያገለገለ ሰው ነው። ሦስት ወጣቶች ቤቱ ገብተው ሚስቱን ደብድበው ይገድላሉ፤ ልጁን ያዋርዳሉ። ልጅቷ አእምሮዋን ትስታለች። ሰውየው መጀመሪያ ካልሲ ውስጥ ሳንቲም አጭቆ አንድ ዘራፊ ይመታል፤ በኋላ ሽጉጥ ያገኛል። የመጀመሪያውን ሰው ገድሎ ቤቱ ሲገባ ያስመልሰዋል። ከዚያ በኋላ አያስመልሰውም። እኔ ከትንሿ መስኮት ቁልቁል የማየው ስክሪኑን ብቻ አልነበረም፤ አዳራሹን ጭምር ነው። ሲያስመልሰው አዳራሹ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ሲገድል ያጨበጭባል፤ ከዚያ በኋላ ጭብጨባው ከተኩሱ ይቀድማል። ሰው ጭብጨባውን ከተኩሱ እንዴት እንደሚያስቀድም ያጠናሁት እዚያ ነው። ለአንተ የሰጠሁህ «ሁለት ፍሬም» የመጣው ከዚያ አዳራሽ ነው።

አብሮኝ የሚኖር ጓደኛ ነበረኝ። ስሙን አልጽፍም። አንድ ክፍል፣ አንድ ምጣድ፣ ለብርድ ቀን ደግሞ አንድ ወፍራም ካፖርት ነበረን፤ ማለዳ ክፍል ያለው ይለብሰዋል። ዓርብ ዓርብ ማታ ፕሮጀክተር ክፍል መጥቶ ፈንዲሻ እየቆረጠመ ፊልሙን ከመስኮቷ ያየው ነበር። ዝምተኛ ልጅ ነው። አንድ ዓርብ ማታ፣ ብሮንሰን ቺካጎ ጣቢያ ላይ ጣቱን እንደ ሽጉጥ ቀስሮ ፈገግ ሲል፣ ወደ እኔ ዞረና «ሦስቱ ልጆችስ የት ገቡ?» አለኝ።

«የትኞቹ ሦስት?»

«ሚስቱን የገደሉት።»

አሰብኩት። ያን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳጫወትኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እያንዳንዷን ጥቅል በእጄ አጠንጥኛለሁ። እውነትም ሦስቱ ከዚያ በኋላ አይታዩም። አይያዙም፣ አይቀጡም፣ ስማቸው አይነሣም። ሰውየው የሚገድላቸው ሁሉ ሌሎች ናቸው። ፖሊስ ሲደርስበትም አይከሰስም፤ ከተማዋን ለቅቆ እንዲሄድ ብቻ ይነገረዋል። እኔ ግን ለጓደኛዬ የመለስኩለት «ምን ለውጥ ያመጣል? ሁሉም ያው ናቸው» ብዬ ነው። እነዚህን ቃላት በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ሁሉ አብልጬ አስታውሳቸዋለሁ።

ሳምንታት አለፉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ስድሳ ገደማ የሚሆኑ የንጉሡን ዘመን ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ረሸነ። ወሬው እሑድ ደረሰን። ተማሪዎች አንድ አፓርታማ ተሰበሰብን። ቤቱ በሲጋራ ጢስ ታፍኗል፤ ቡና ተፈልቷል። አንዱ ቆሞ ስሞቹን ከወረቀት ያነባል። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ጄኔራሎች፣ ራሶች፣ ደጃዝማቾች። መጀመሪያ ዝምታ ነበር። ቀጥሎ አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሁላችንም። በወሎ ረኃብ የሞተው ሕዝብ አንጀታችንን አቃጥሎት ነበር፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ እኛም በተወጋው ስም የምናጨበጭብ መሰለን። እኔ አጨብጭቤያለሁ። በደንብ አጨብጭቤያለሁ። ከስሞቹ መካከል የትኛው ምን እንዳደረገ፣ ማን እንደፈረደ፣ ማን እንደተከራከረ አልጠየቅሁም።

ንባቡ እንዳለቀ ጓደኛዬ ተነሣ። ጥግ ወዳለችው ማጠቢያ ሄዶ ቡና የጠጣባትን ስኒ አጠባት። ቀስ ብሎ ነው ያጠባት፤ ውስጧን በጣቱ፣ ከዚያ እጀታዋን። ፎጣ ላይ ደፋትና ወጣ። ካፖርቱን አልወሰደም፤ የእኔ ተራ ነበር። ውጪው ብርድ ነው። ከስሞቹ አንዱ የእናቱ ወንድም እንደሆነ የሰማሁት ከሄደ በኋላ ነው። አሳድጎት ነበር።

በደረጃው ልከተለው እችል ነበር። ካፖርቱን ይዤ መውረድ እችል ነበር። ሥራ ይረፍድብኛል ብዬ ቀረሁ። ማታ ያንኑ ፊልም አጫወትኩ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ነጥቧን እየጠበቅሁ ሳለ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌሊት ቤት ስገባ መጻሕፍቱንና ልብሱን ይዞ ሄዷል። ሌላ ግዛት እንደሄደ ሰማሁ። ከዓመታት በኋላ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ መልስ አላገኘሁም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. «ነፃ እርምጃ» የሚለው ቃል ከአገር ቤት ሲመጣ፣ የወጣቶች ሬሳ በየመንገዱ ወድቆ ማደሩን ስሰማ፣ ጆሮዬ ላይ የሚያቃጭለው የራሴ ድምፅ ነበር። ሁሉም ያው ናቸው።

ፊልሙ ገዳይ አደረገን እያልኩህ አይደለም። ፊልም ማንንም ገዳይ አያደርግም። ግን እጄ በዚያች እሑድ እንዲያ ፈጥና የተነሣችው በጨለማው ክፍል ውስጥ ስለሠለጠነች እንደሆነም አምናለሁ። ሁለቱን ላስታርቃቸው ብሞክር አልሆነልኝም።

የፊልሙ መነሻ የሆነው በ1972 የወጣው የብራያን ጋርፊልድ ልብ ወለድ ሰውየው በበቀሉ እየተበላሸ ሲሄድ የሚያሳይ ነበር። ደራሲው ፊልሙ ጀግና ስላደረገበት አዝኖ በ1975 ተከታይ መጽሐፍ ጻፈ። ሲኒማው ግን አልሰማውም፤ እስከ 1994 ድረስ አራት ተከታዮች ተሠሩ፤ በሁሉም ብሮንሰን አለ። በዚህ መሀል፣ በታኅሣሥ 1984፣ በርንሃርድ ጌትስ የተባለ ሰው በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር አራት ወጣቶችን ተኩሶ አቆሰለ፤ ብዙ ሰውም አደነቀው። ዜናውን ያየሁት ከሥራ ቦታዬ ነው፤ የዜና ኤዲተር ሆኜ ነበር።

አያቴ ሽማግሌ ነበሩ፤ ደም ያደርቁ ነበር። ገዳዩ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጫማውን አውልቆ ሲመጣ በልጅነቴ አይቻለሁ። የሟች ወንድም ፊቱን ያዞራል። አያቴ «ለሳምንት ቀጠሮ» ይላሉ። ሳምንቱ ሲደርስ ሌላ ቀጠሮ። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሚያጓትቱት አይገባኝም ነበር። ያ ወንድም በየቀጠሮው ትንሽ ትንሽ ፊቱን ሲመልስ አይቼዋለሁ፤ አምስተኛው ቀጠሮ ላይ ድንጋዩን የተሸከመውን ሰው አየው። ያ ሁሉ ጊዜ ፊልም ቢሆን እኔና አንተ ቆርጠን የምንጥለው ነው።

ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ የሠራውን «ቡሽ ማማ» አይተሃል? በዚያው ዘመን፣ በ1975 ያጠናቀቀው ነው። መግቢያው ላይ የሚታየው ፖሊስ ተዋናይ አይደለም፤ የራሱን የቀረጻ ቡድን አስቁሞ የሚፈትሽ እውነተኛ የከተማው ፖሊስ ነው። ዶሮቲ ባሏ ባልሠራው ወንጀል ታስሯል፤ የመንግሥት ድጎማ ቢሮው የፀነሰችውን እንድታስወርድ ይጫናታል፤ በመጨረሻ ልጇን የሚደፍረውን ፖሊስ ትገድለዋለች። በታሪኩ ብቻ ብትሄድ የ«ኮፊ» እኅት ነው። ሳየው ግን ማንም አላጨበጨበም፤ ሴትየዋ ከግድያው በኋላም እዚያው ናት፤ ታስራ፣ ተደብድባ፣ ለባሏ እየተናገረች። ፊልሙ ከእርሷ ፊት አይሸሽም።

እንግዲህ በቀል የሚያሳይ ፊልም አትሥራ እላለሁ ብለህ ከጠበቅህ አልልም። እኔ ራሴ «ሮሊንግ ተንደር»ን በዓመት አንዴ አየዋለሁ። ሰባት ዓመት በቬትናም ታስሮ ወደ ሳን አንቶኒዮ የተመለሰ ሻለቃ ነው፤ የከተማው ሰው ለታሰረበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ የብር ዶላር ይሰጠዋል፤ ያው ብር ዘራፊ ያመጣበታል። ሻለቃው የልጁን ገዳዮች እንዳገኘ ለእስር ቤት ጓደኛው ሲነግረው፣ ጓደኛው ምንም አይጠይቅም፤ ተነሥቶ ዩኒፎርሙን ይለብሳል። ሁለቱም ቀድመው የሞቱ መሆናቸውን ፊልሙ ያውቃል። ስለዚህ ይህን እየው፤ «ዴዝ ዊሽ»ንም እየው፤ ግን ከሰው ጋር እየው፤ ሲያስመልሰው ማን ዝም እንዳለ ልብ በል። ዛሬ ልጆች ፊልምን በስልክ፣ ለብቻቸው፣ እያሳለፉ ያያሉ። መንገድ ላይ ሰው «ሌባ ነው» ተብሎ ሲደበደብም በዚያው ስልክ ቀርጸው ይለጥፉታል፤ ከሥርም «እሰይ» ይጻፋል። የተደበደበው ሌባው መሆኑን የጠየቀ አስተያየት ፈልጌ አንድም ያጣሁበት ቀን አለ። በዚህ ነገር እናንተን ብቻ መውቀስ አልችልም፤ እኛ ያለ ስልክም አድርገነዋል።

ስለ ሌንስና ስለ ብርሃን የምታውቀው ይበቃሃል። ሥልጠናው ላይ ያሳየኸኝን ቅጂ ግን አሁንም አስበዋለሁ። ወንድምየው ከገደለ በኋላ ወደ ቤት ሲመጣ እኅትየው በር ላይ ቆማለች። አንድ ሰከንድ እንኳ ሳትቆይ ወደ ሙዚቃው ቆርጠሃል። ያችን ልጅ የተጫወተችው ተዋናይ ከዚያች ሰከንድ በፊት ዐይኗ ወንድሟ እጅ ላይ ወርዶ ነበር፤ ገረፍ አድርጌ አይቼዋለሁ። ካሜራው እንዳልቆመ እገምታለሁ። ያን ያልተቆረጠ ቀረጻ ሙሉውን፣ ድምፁን ሳትነካ ላክልኝ። ተቀምጬ ላየው እፈልጋለሁ።