ከቤዝቦል ሜዳ ዳር፦ ስለ አሰልጣኝነት ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዋሽንግተን ዙሪያ ልጆቻቸውን በቤዝቦል ቡድን ካስመዘገቡ አንባቢያን ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል፣ ስለ አሰልጣኝነትና ከልጆች፣ ከወላጆችና ከዳኞች ጋር ስለ መግባባት የሚያነሡትን መርጫለሁ። ስለ ዱላ አያያዝ የጠየቃችሁኝ ለጊዜው ታገሡኝ።

ልጄ በሚጫወትበት ቡድን ረዳት አሰልጣኝ እንድሆን ተጠይቄአለሁ። እኔ ግን የማውቀው እግር ኳስ ብቻ ነው። እሺ ልበል? (አንድ አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

እሺ ይበሉ፤ ነገር ግን የማያውቁትን የሚያውቁ መስለው አይቅረቡ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አሰልጣኙ ሕጉን አለማወቁን በመጀመሪያው ቀን ይደርስበታል፤ «ይህን ሕግ እስቲ አስረዳኝ» ብለው ቢጠይቁት ግን ደስ ብሎት ያስተምርዎታል፣ በዚያውም ይቀርብዎታል። ከእግር ኳስ ይዘውት የመጡትን አንድ ልማድ ግን መተው ይኖርብዎታል። በእግር ኳስ አሰልጣኙ ከመስመር ዳር ሲጮህ ቢውል ጩኸቱ በተጫዋቾቹ ሩጫ መካከል ይጠፋል። ቤዝቦል ግን በየውርወራው የሚቆም ጨዋታ ስለሆነ፣ ዱላ ይዞ ብቻውን የቆመው ልጅ፣ ሁሉም ሰው እያየው፣ እርስዎ የሚናገሩትን እያንዳንዱን ቃል ይሰማል። «ክርንህን ከፍ አድርግ፣ እግርህን ክፈት፣ ኳሱን እይ» የሚሉ ሦስት ትእዛዞችን በአንድ ትንፋሽ የተቀበለ መቺ ኳሱን አያየውም። ማስተማሩን ለልምምድ ቀን ያድርጉት፤ በጨዋታ ቀን ስሙን ጠርተው ያበረታቱትና ዝም ይበሉ።

ልጄ ሦስት ጊዜ ተራ ደርሶት ሦስቱንም ጊዜ ሳይመታ ወጣና አለቀሰ። አሰልጣኙ «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» ሲለው ይባስ ተናደደ። ምን ሊለው ይገባ ነበር? (አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

«አይዞህ» የሚለውን አልነካም፤ ምትክ የሌለው ቃል ነው። ችግሩ «ምንም አይደለም» የሚለው ላይ ነው፤ ለልጁ ትልቅ ነገር ነውና፣ ሐዘኑን ያቃለሉበት ይመስለዋል። የቤዝቦል አሰልጣኝ ከሁሉ በፊት ማስለመድ ያለበት ይህ ጨዋታ ጎበዙም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የማይሳካለት መሆኑን ነው። የቦስተን ሬድ ሶክሱ ቴድ ዊልያምስ በ1941 የውድድር ዘመኑን በ0.406 የመምታት አማካይ ጨረሰ፤ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ታላላቅ ሊጎች፣ በአሜሪካን ሊግም ሆነ በናሽናል ሊግ፣ 0.400 የደረሰ መቺ አልተገኘም። እንግዲህ ያ ዝነኛ ሰው እንኳ ከ10 ሙከራ ስድስቱ ገደማ አልተሳካለትም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ልጁ እያለቀሰ ሳለ ይህን ቁጥር መንገር ፋይዳ የለውም። አሰልጣኙ ትንሽ ቆይቶ አጠገቡ ይቀመጥና በዐይኑ ያየውን አንድ እውነት ይንገረው፦ «ሁለተኛው ኳስ ሩቅ መሆኑን ለይተህ ተውከው፤ ባለፈው ሳምንት ቢሆን ትሞክረው ነበር።» ልጅ የሚያምነው እንዲህ ያለውን ምስጋና ነው።

አንዳንድ ወላጆች ዳኛውን ይሰድባሉ። የሀገሬ ሰዎችም አሉበት፤ በአማርኛ ስለሚሳደቡ የሚሰማቸው ያለ አይመስላቸውም። በዕድሜ የሚበልጡኝን እንዴት ልናገር? (አንድ አሰልጣኝ)

ልጆቻቸው ይሰሟቸዋል፤ ለእኔ ከዳኛው ይልቅ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በልጆች ፊት አይናገሯቸው፤ ከጨዋታው በኋላ ለብቻ ጠርተው፣ ከወቀሳ ይልቅ እርዳታ ይጠይቋቸው። «ጋሼ፣ ልጆቹ እኔን ሳይሆን እርስዎን ነው የሚያዩት፤ ዳኛው ሲሳሳት እርስዎ ዝም ቢሉልኝ ሌሎቹም ዝም ይላሉ» የተባለ ሽማግሌ እምቢ ሲል አላየሁም።

ይህ የሚሠራው ግን እርስዎ ራስዎ ከዳኛ ጋር ያለዎት ጠባይ ሲያምር ነው። ሰኔ 2010 በዲትሮይት የሆነውን ላስታውስዎ። የታይገርስ ቡድን ወርዋሪ አርማንዶ ጋላራጋ 26 መቺዎችን በተከታታይ አስወጥቶ፣ በሊጎቹ ከ130 ዓመት በላይ ታሪክ እስከዚያ ቀን 20 ጊዜ ብቻ የተመዘገበውን እንከን የለሽ ጨዋታ (ከተጋጣሚ መቺዎች አንድም እንኳ ቤዝ የሚባለውን የመሮጫ ማረፊያ ሳይደርስ የሚያልቅ ጨዋታ) ለመፈጸም አንድ መቺ ብቻ ቀርቶት ነበር። ያም መቺ ወደ አንደኛው ቤዝ ሲሮጥ ኳሱ ቀድሞት ሳለ፣ ዳኛው ጂም ጆይስ ደርሷል ብሎ ፈረደ። ጋላራጋ ፈገግ ብሎ ተመለሰና ቀጣዩን መቺ አስወጣ። ጆይስ ከጨዋታው በኋላ ምስሉን አይቶ መሳሳቱን በግልጽ አመነ። የታይገርስ አሰልጣኝ ጂም ሌይላንድ ራሱ በዕለቱ ከዳኛው ጋር የተከራከረ ሰው ነበር፤ በማግሥቱ ግን የተጫዋቾችን ስም ዝርዝር ለዳኛው እንዲያስረክብ የላከው ጋላራጋን ነው። ጆይስ እንባውን እየጠረገ ተቀበለው። ሌይላንድ ንግግር አላደረገም፤ አንዲት ወረቀት ማን ይዞ እንደሚሄድ ብቻ ወሰነ። እኔ ከብዙ የአመራር ትምህርት ይልቅ ይህችን ውሳኔ አደንቃለሁ።

ልጄ ከኢትዮጵያ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። አሰልጣኙ «ስናገረው ዐይኔን አያይም፣ ፍላጎት የለውም» ይለኛል። (አንዲት እናት፣ ከሜሪላንድ)

ልጅዎ አንገቱን የሚደፋው በአክብሮት መሆኑን ለአሰልጣኙ ይንገሩት፤ ከዚህ ቀደም የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል። ልጁን ደግሞ አገር ቤት የተማረውን ሳያጣጥሉ፣ እዚህ ቀና ማለት እንደ ድፍረት እንደማይቆጠር ያስረዱት። አሰልጣኙም የድርሻውን ይወጣ፦ በቡድኑ ፊት «ገባህ?» ብሎ መጠየቁን ትቶ፣ ለብቻው ኳስ እየተቀባበለ ያነጋግረው። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል።

የ10 ዓመት ልጄ እየወረወረ ሳለ አሰልጣኙ አስወጣውና ተሸነፍን። ብወቅሰው አጥፍቻለሁ? (አንድ አባት)

አዎ። የልጆች ቤዝቦል ድርጅት በሆነው በሊትል ሊግ ሕግ የ9 እና የ10 ዓመት ልጅ በቀን ከ75 ውርወራ በላይ አይፈቀድለትም፤ 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ ደግሞ አራት ቀን ማረፍ አለበት። የአሰልጣኙ ጥፋት ቢኖር አወጣጡ ላይ ሊሆን ይችላል። ልጁ ቁጥሩን አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት፤ አሰልጣኙም ከዳር ሆኖ በእጁ ከሚጠራው፣ ወርዋሪው እስከሚቆምበት ጉብታ ድረስ ሄዶ ኳሱን ከእጁ ቢቀበለው ይሻል ነበር።