ካሊብሬሽኑ አልፏል፤ ቁጥሩ ለምን ወረደ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። በሉሚኔክስ 200 ማሽን፣ በማግኔታዊ ቢድ (ማግኔት የሚስበው ደቃቅ ቅንጣት) ሳይቶካይን (የሰውነት ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸውን ፕሮቲኖች) እንለካለን። ዛሬ ጠዋት ካሊብሬሽኑም (የማሽኑ ንባብ ማስተካከያ) ቬሪፊኬሽኑም (የማስተካከያው ማረጋገጫ) አልፏል። ግን ባለፈው ሳምንት 1200 የሰጠኝ ናሙና ዛሬ 900 ሰጠኝ። አለቃዬ “እንደገና ካሊብሬት አድርጊው” ይላል። ላድርገው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። 1200ም 900ም ጥሬ የብርሃን ቁጥር ናቸው፤ ገና ኮንሰንትሬሽን (በናሙናው ውስጥ ያለው የሳይቶካይን መጠን) አልሆኑም።

ማሽኑ ሁለት ሌዘር አለው። ቀዩ ቢዱ የየትኛው ሳይቶካይን እንደሆነ ይለያል። አረንጓዴው ቢዱ ላይ የተያዘው ፋይኮኤሪትሪን የሚባል አብሪ ቀለም ምን ያህል እንደሚያበራ ያነባል። ካሊብሬሽን የሚያደርገው የእነዚህን ንባቦች ቮልቴጅ አስተካክሎ የካሊብሬተር ቢዱን (ለማስተካከያ የተዘጋጀውን ቢድ) ቁጥር ለሎቱ፣ ማለትም ለዚያ የምርት ዙር፣ ወደተጻፈው ማምጣት ነው። እርስዎ ፕሌቱን (ናሙናዎቹ ያሉበትን ባለ ጉድጓድ ሳህን) ስንት ደቂቃ እንዳቆዩት፣ ስንት ጊዜ እንዳጠቡት፣ ያኔ የክፍሉ ሙቀት ምን እንደነበር ግን አያውቅም። ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ደግሞ በአብዛኛው እነዚህ ናቸው።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ከናሙናው በፊት የማየው ስታንዳርዱን፣ ማለትም መጠኑ አስቀድሞ የታወቀውን ማነጻጸሪያ ነው። የሁለቱን ቀን ስታንዳርዶች ጎን ለጎን ያድርጓቸው። ስታንዳርዶቹም በዚያው ልክ ወርደው ከሆነ፣ ናሙናው በየራሱ ቀን ከርቭ (ከስታንዳርዶቹ በሚሠራው መስመር) ሲሰላ ኮንሰንትሬሽኑ ተቀራራቢ ይወጣል። ያኔ ምንም አልተበላሸም። ስታንዳርዱና ኮንትሮሉ (ውጤቱ የሚታወቀው መፈተሻ ናሙና) ባሉበት ሆነው ናሙናው ብቻ ከወረደ ጣጣው እዚያው ናሙናው ላይ ነው፦ ቀልጦ ደግሞ ቀዝቅዞ ይሆናል፣ ወይ ፒፔቱ በትክክል አልሳበም።

ቀጥለው የቢድ ብዛቱን ይዩ። የሚያነቡት ሚዲያን (የቢዶቹ ንባብ በቅደም ተከተል ሲደረደር መሃል ላይ የሚውለው ቁጥር) ስለሆነ ጥቂት ያበዱ ቢዶች አያናጉትም፤ የተቆጠሩት 12 ብቻ ከሆኑ ግን ሚዲያኑም አይታመንም። ብዙ ላቦራቶሪ ለእያንዳንዱ የቢድ ዓይነት ቢያንስ 50 ይፈልጋል። ቢድ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ ሲታጠብ ነው። ፕሌቱ ማግኔቱ ላይ በቂ ጊዜ ሳይቆይ ፈሳሹን ከደፉት ቢዱም አብሮ ይሄዳል። እርስ በርሱ የተጣበቀ ቢድም አይቆጠርም፤ ከመጠቀምዎ በፊት በደንብ ቮርቴክስ ያድርጉት (በማወዛወዣ መሣሪያው ይበጥብጡት)።

አለቃዎም ያለ ምክንያት አልተናገሩም። አዲስ የካሊብሬተር ሎት ከፍታችሁ የአሮጌው ቁጥር ማሽኑ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ ወይም ካሊብሬት ከተደረገ ወዲህ የክፍሉ ሙቀት በጣም ተለውጦ ከሆነ፣ አዎ፣ ይድገሙት። ያኔም ሌዘሩ ይሙቅ። ካሊብሬተሩን ከፍሪጅ አውጥተው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ። ቢዶቹ ታች ስለሚዘቅጡ ጠርሙሱን በደንብ ይበጥብጡት። ብርሃን ላይ አያስቀምጡት፤ ቀለሙ ይደበዝዛል።

የሁለቱን ፕሌቶች የስታንዳርድ ቁጥር ከነቢድ ብዛቱ ይላኩልኝና አብረን እንየው።