ለጥልቅ ሐይቅ የትኛው ሰማጭ ገመድ? (መልስ)

ሰላም ወንድሜ፣ «6 ሜትር ጥልቀት ባለው ሐይቅ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ላጠምድ ነው፤ አንድ ሰማጭ የዝንብ ገመድ (ሰው ሠራሽ ዝንብ ያለበት መንጠቆ የሚወረወርበት፣ ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ ገመድ) ብቻ ብገዛ የቱን ልምረጥ?» ላልከው፣ እኔ ብሆን ዓይነት 3 የሚባለውን ነው የምገዛው (ቁጥሩ ከፍ ሲል ገመዱ ፈጥኖ ይሰምጣል)። በሰከንድ 7.5 ሳንቲሜትር ገደማ ይወርዳል፤ 4 ሜትር ለመድረስ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ዓይነት 6 በእጥፍ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ቀስ ብለህ መሳብ ስትፈልግ ዝንቧን ከዓሣው በታች ይዟት ይሄዳል። ትራውት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያይም።

ዋናው ነገር ግን መቁጠር ነው። ወርውረህ 20 ሰከንድ ቁጠር፣ ከዚያ ሳብ። ካልነካ 30፣ ቀጥሎ 40 አድርገው። ሲነካህ ቁጥሩን ያዝ፤ ዓሣው ያለው እዚያ ጥልቀት ላይ ነው። በሞቃት ወራት የሐይቁ ታችኛው ክፍል ኦክስጅን ሊያንሰው ስለሚችል፣ ሁልጊዜ ታች ድረስ አትልከው።

ስትገዛ ከጫፍ እስከ መሐል እኩል የሚሰምጥ መሆኑን ጠይቅ። በድሮዎቹ ገመዶች ወፍራሙ መሐል ቀድሞ ይወርድና ገመዱ ይጎብጣል፤ ዓሣው ሲነክስ እጅህ ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ጫፉ ላይ የምታስረውን ክር አታስረዝመው፣ አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል። ክሩ ሲረዝም ገመዱ ወርዶ ዝንቧ ከበላዩ ትቀራለች።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ገመዱ ገና ውሃ ውስጥ እያለ በጉልበት አንስተህ አትወርውር። እኔ የዘንጌን ጫፍ የሰበርኩት እንዲሁ ነው። መጀመሪያ አቅርበህ ሳበው፣ በጥቅል ውርወራ (ገመዱን ወደ ኋላ ሳትወረውር ወደ ፊት በማንከባለል) ወደ ላይ አውጣው፣ ከዚያ ወርውር።