መልስ፦ የአሜሪካ ምርጫ ውጤት በስንት ሰዓት ይታወቃል?

«ለአሜሪካው ምርጫ በስንት ሰዓት ልነሳ?» ላልከው፣ በጊዜ ተኛና ንጋት ላይ ተነሳ። የጆርጂያ ግዛት ምርጫ ጣቢያዎቿን የምትዘጋው በአዲስ አበባ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ ፔንሲልቬንያ 10 ሰዓት። ፍሎሪዳ ቶሎ ትቆጥራለች፣ በእሷ ብቻ ግን አትፍረድ።

ዋናዋ ወሳኝ ግዛት ፔንሲልቬንያ ናት። እዚያ በፖስታ የመጣ ድምፅ ከምርጫው ዕለት ጠዋት በፊት እንዲከፈት ሕጉ አይፈቅድም። እ.ኤ.አ. በ2020 ማክሰኞ ተመርጦ የባይደን ድል እስከ ቅዳሜ የቆየው በአብዛኛው በዚህ ነው። በ2024 ግን አሶሼትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል የትራምፕን ድል ያወጀው በእኛ ረቡዕ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር።

እባክህ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሪ ማን ነው እያልክ አትጨነቅ። ያልተቆጠረው ድምፅ የየት አካባቢ እንደሆነ እይ። ዴሞክራቶች የሚበዙባት የፔንሲልቬንያ ትልቅ ከተማ፣ የፊላደልፊያ ድምፅ ገና ብዙ ከቀረ፣ ሪፐብሊካኑ እየመራ ቢሆንም ልዩነቱ ሊጠብ ይችላል።