የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተዘጋው ማዕድን ማውጫና የማያቆመው ውሃ

ጥያቄ፦ ከሲያትል ወደ ምሥራቅ ስንጓዝ ኬሎግ በምትባል የአይዳሆ ከተማ አረፍን። በንከር ሂል የተባለው የብር፣ የእርሳስና የዚንክ ማውጫ በ1981 መዘጋቱ ቢነገረንም፣ የውኃ ማጣሪያው ከዚያ በኋላም አልቆመም። የማውጫውን አፍ ደፍኖ መተው አይቻልም ነበር?

መልስ፦ ማውጫው ቢዘጋም በተራራው ሆድ ውስጥ የተጀመረው ኬሚካዊ ሂደት አብሮ አልቆመም። ከማዕድኑ ጋር ፓይራይት የተባለ የብረትና የድኝ ውሕድ ይገኛል፤ ዐለቱ ሳይነካ በነበረበት ጊዜ አየር እምብዛም አያገኘውም ነበር፤ ዛሬ ግን በስንጥቆችና በተቦረቦሩት ክፍት ቦታዎች የሚሰርገው የዝናብና የበረዶ ውኃ ከኦክስጅን ጋር ሲደርሰው ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም ዚንክ፣ ካድሚየምና እርሳስ እያሟሟ ይዞ ይወጣል። በእንዲህ ዓይነቱ ውኃ መውረጃ ላይ ብረቱ ብርቱካንማ ዝቃጭ ሆኖ ስለሚቀር ተመልካች የሚደነግጠው በቀለሙ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ዚንኩ ነው፤ ብረቱ ዘቅጦ ውኃው ኩልል ካለ በኋላም ሟሙቶ ይቆያል፣ ለዓሣም መርዝ ነው። በ1974 ሥራ የጀመረው ማጣሪያ ኖራ የሚጨምረው ለዚህ ነው፦ ኖራው አሲዱን ያረክሰዋል፣ የሟሙትም ብረታ ብረቶች ጭቃ ሆነው ይዘቅጣሉ።

መድፈኑን በተመለከተ፣ መውጫ ያጣ ውኃ ከኋላ እየተጠራቀመ ግፊቱ ስለሚጨምር በሌላ ስንጥቅ፣ ምናልባትም ማንም በማይጠብቀው ቦታ፣ ሊፈነዳ ይችላል። በአንድ የታወቀ ዋሻ ወጥቶ ቢታከም ይሻላል፤ ወጪው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማብቂያ የለውም።

(ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)