ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ስትገዛ ሆዱን እይ

"ከአዲስ አበባ የመጣ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው። ሻጩ ባትሪው 94 በመቶ ጤነኛ ነው፣ አይቃጠልም ይለኛል። ልመነው?" ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦

እኔ ጎንደር፣ አዘዞ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። መቶኛው የሚነግርህ ባትሪው ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ ነው። አደጋ አለው የለውም የሚለውን አይነግርህም። ገና አዲስ የሆነ ባትሪ ከሥሩ አንድ ድንጋይ ከመታው ከአሮጌው ሊብስ ይችላል።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ጎማ ሊያስተካክል መጣ። ወደ ደባርቅ ሲሄድ ኮሮኮንቹ ላይ "ጓ" የሚል ድምፅ ሰምቶ ነበር፤ ዳሽቦርዱ ምንም ስላላለው ሁለት ሳምንት ነድቶታል። በክሪክ አንስተን አየነው። የባትሪው ሽፋን መዳፍ በሚያክል ቦታ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጠርዙ ላይ ያለው ማሸጊያ ተላቆ ጭቃ ይዟል። ማታ ቻርጅ ሞልተን፣ አሳርፈን የሴሎቹን (ባትሪውን የሚሠሩትን ትንንሽ ባትሪዎች) ቮልት በኮምፒውተር አነበብን፤ ሁሉም 3.34 ነበሩ። ጠዋት አንዱ ብቻ 3.31 ሆነ። በማግስቱ 3.29። መኪናው ቆሞ አንድ ሴል ለብቻው የሚወርድ ከሆነ ውስጡ ሾርት እያደረገ ሊሆን ይችላል። ያ ነው የሚያስፈራው። ባለቤቱ ቅር ቢለውም ከቤትና ከሌላ መኪና አርቀን አቆምነው። ከዚያ ተጭኖ ሄደ እንጂ አልተነዳም።

ልብ በል፣ ቻርጁ ግማሽ ላይ እያለ ሻጩ "ሴሎቹ እኩል ናቸው" ብሎ ቢያሳይህ አትርካ። በኤልኤፍፒ (ከሊቲየም፣ ከብረትና ከፎስፌት በሚሠራው) ባትሪ ቻርጁ መሃል ላይ ሲሆን ቮልቱ ብዙም ስለማይለዋወጥ ልዩነቱ ይደበቃል። ሞልቶ ካረፈ በኋላ አንብብ፣ አሳድረህ ድገም።

"አይቃጠልም" ያለው ኤልኤፍፒ ስለሆነ ከሆነ ግማሽ እውነት አለው። ኒኬል ካለበት ሌላው የሊቲየም ባትሪ የተሻለ ሙቀት ይችላል። ሲጎዳ ግን እሱም የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ቻይና ራሷ ከሥር የሚመጣ ምት ፈተናን ያስገባችው በ2025 ባወጣችው የደህንነት ደረጃ ነው። አንተ የምትገዛው ያገለገለ ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ጎርፍ ውስጥ ገብቶ እንደነበርም ጠይቅ። የወንበሩን ምንጣፍ ገልጠህ አሽትት፣ የብሎኖቹን ዝገት እይ። ከፍተኛ ቮልት የሚሄድባቸውን ብርቱካናማ ገመዶች ግን አትነካካ።

ቤት ስትገባ በዲቫይደር ቻርጅ እንዳታደርግ፣ አደራ። ለብቻው ብሬከርና ኧርዝ ያለው መስመር አስዘርጋ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅህ ዳሰስ፤ የሚያቃጥል ከሆነ ከብሬከሩ አጥፋው።

ከሥሩ ነጭ ጭስ ካየህ ወይም ፉጨት ከሰማህ ቤተሰብህን ይዘህ ሽሽ። ኮፈኑን ልክፈት አትበል። እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላም ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ዳግም ሊነሳ ይችላል።

ሻጩ መኪናውን አንድ ሌሊት አላሳድርም ካለ ግዢውን ተወው። ካሳደረልህ አዘዞ አምጣው፣ ክሪክ ላይ አውጥተን አብረን እናየዋለን። ብቻ ቻርጁ ሞልቶ ይምጣ።